ሐይቅ ከተማ ምን ዓይነት ኮሌጅ ያስፈልጋታል?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተነገረ ቁጥር በደሴና በኮምቦልቻ ቤቶች ውስጥ አንድ ጥያቄ ይመላለሳል፤ ማለፊያ ነጥቡን ያላመጣው ልጅ የት ይግባ? ጥያቄው ነባር ቢሆንም ባለፉት ጥቂት ዓመታት ክብደቱ ጨምሯል። በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ቁጥሩ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኗል። መሻሻል አለ፤ ነገር ግን በመጨረሻው ዓመት እንኳ ከ10 ተፈታኞች 9ኙ ከግማሽ በታች ነው ያመጡት። የማካካሻ ትምህርት ከእነዚህ የተወሰኑትን ይቀበላል፣ የቀሩት ግን ሌላ በር ይፈልጋሉ።

በዚህ ጊዜ ሁለት መልሶች ይሰማሉ። አንዱ «ቴክኒክና ሙያ ይግባ» የሚል ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ እንደ ምርጫ ሳይሆን እንደ ማጽናኛ ይነገራል። ሌላው አሜሪካ ዘመድ ካላቸው ቤተሰቦች የሚመጣ ነው፤ እዚያ ያሉ የአክስትና የአጎት ልጆች «ኮሙኒቲ ኮሌጅ» ገብተው ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገራቸው ይነሳና እኛ አገር እንዲህ ያለ ተቋም ለምን አይከፈትም ይባላል። በውይይቱ ላይ የሁለቱ ተቋማት ስም እየተቀያየረ ስለሚነገር ሰዎች ስለ ተለያየ ነገር እየተነጋገሩ የተስማሙ ወይም የተጣሉ ይመስላቸዋል። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ልዩነት ከአሠራራቸው አንጻር ያስረዳል። ከዚያም ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘውን ሐይቅ ከተማን እንደ ማሳያ ይዞ፣ አንድ ኮሌጅ ካለበት ቦታ ውሃ፣ መሬትና ገበያ ጋር ካልተሳሰረ የሚያስከትለውን ጉድለት ይመለከታል።

የአሜሪካው ተቋም ምንድን ነው?

ኮሙኒቲ ኮሌጅ በአሜሪካ በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፍ፣ በአብዛኛው የ2 ዓመት ትምህርት የሚሰጥ የአካባቢ ኮሌጅ ነው። የመጀመሪያው በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1901 ተከፈተ። ስሙ በሰፊው የታወቀው ግን በፕሬዚዳንት ትሩማን የተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1947 ለየአካባቢው እንዲህ ያሉ ኮሌጆች እንዲስፋፉ ከመከረ በኋላ ነው።

ተቋሙን ልዩ የሚያደርጉት ነገሮች ሦስት ናቸው። በሩ ክፍት ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው ያለ ብርቱ ውድድር ይገባል። ባለቤቱ አካባቢው ነው፤ አስተዳደሩም ሆነ የገንዘቡ አንድ ክፍል ከዚያው ይመጣል። ቀጣይ መንገድ አለው፤ የ2 ዓመቱ ትምህርት ተቆጥሮ ወደ 4 ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሊያሸጋግር ይችላል፣ ያልፈለገ ደግሞ በያዘው ሙያ ወደ ሥራ ይሄዳል።

ለእኛ ንጽጽር የሚቀርበው በኒው ዮርክ ግዛት ካናንዴጓ በምትባል አነስተኛ የሐይቅ ዳር ከተማ የሚገኘው ፊንገር ሌክስ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተ ሲሆን ስፖንሰሩ ኦንታሪዮ ካውንቲ፣ ማለትም በእኛ አነጋገር ወረዳን ወይም ዞንን የሚመስል የአካባቢ አስተዳደር ነው። አካባቢው ረዣዥምና ቀጫጭን ሐይቆች፣ በሐይቆቹ ተዳፋት ላይም የወይን እርሻ ያለበት ነው። ስለዚህ ኮሌጁ እንደማንኛውም ኮሌጅ የንግድና የጤና ትምህርት ቢሰጥም የተፈጥሮ ጥበቃ፣ የዓሣና የዱር እንስሳት ቴክኖሎጂ፣ የወይን ተክል ልማትና የወይን ጠጅ ጠመቃ ትምህርቶችም አሉት። ሀኒዮይ በተባለ ሌላ ሐይቅ ዳርቻም ተማሪዎች የሚለማመዱበት የመስክ ጣቢያ አለው። ከዚህ የምንማረው የኮሌጁን ሀብት አይደለም፤ ሀብቱን ልንደርስበት አንችልም። ቁም ነገሩ የትምህርት ዘርፎቹ ዝርዝር ሲነበብ ኮሌጁ የት እንዳለ መታወቁ ነው።

የእኛ ሥርዓት የቆመበት መሠረት

በኢትዮጵያ ሕግ «ኮሙኒቲ ኮሌጅ» የሚባል የተቋም ዓይነት የለም። የሚቀርበው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ኮሌጅ ነው፤ በርከት ያሉ ከፍ ያሉ ዘርፎችን የሚሰጠው ደግሞ ፖሊ ቴክኒክ ይባላል። ዘርፉ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 954/2008 ሲሆን ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ኃላፊነቱ ከትምህርት ሚኒስቴር ወጥቶ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተሰጥቷል። በደሴ በእቴጌ መነን እናት ስም የሚጠራው ወይዘሮ ስኂን፣ በኮምቦልቻ ደግሞ የኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የዚህ ሥርዓት አካል ናቸው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከዚህ የተለየ፣ የዲግሪ ትምህርት የሚሰጥ ተቋም ነው፤ በወሬ ላይ ግን ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ይደበላለቃሉ።

ሥልጠናው በደረጃ የተከፈለ ነው። ሠልጣኙ «ሌቭል» እየተባለ የሚጠራውን ደረጃ ሲጨርስ የኮሌጁ ምስክር ወረቀት ብቻውን አይበቃውም፤ ሕዝቡ «ሲኦሲ» የሚለውን የብቃት ምዘና ሌላ አካል ፈትኖት ማለፍ አለበት። በመመሪያ ደረጃ የታሰበው የሥልጠናው 70 በመቶ በድርጅት ውስጥ በሥራ ላይ፣ 30 በመቶው በኮሌጅ እንዲሰጥ ሲሆን ይህ የትብብር ሥልጠና ይባላል። ከዚህ በተጨማሪ ኮሌጆች ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ አገልግሎቱም የቴክኒክ ክህሎት፣ የኢንተርፕረነርሽፕ፣ የካይዘን (ሥራን በየጊዜው የማሻሻል ዘዴ) እና የቴክኖሎጂ ድጋፍን ይይዛል። የመጨረሻው ነጥብ በሕዝብ ውይይት ውስጥ እምብዛም አይነሳም፤ ሆኖም ኮሌጅን ከከተማው ጋር ለማስተሳሰር ሕጉ ራሱ ያስቀመጠው ድልድይ ይህ ነው።

ታዲያ ሥርዓቱ ከአሜሪካው ጋር ሲነጻጸር የቱ ላይ ይጎድላል? በሩ ክፍት ነው ማለት ይቻላል። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሸጋግረው መንገድ ግን ጠባብ ነው፤ ወላጆች ልጆቻቸውን በሙሉ ልብ የማይልኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አንድ ወላጅ «እዚያ ከገባ በዚያው ይቀራል» ሲል ሙያን መናቁ ብቻ አይደለም፣ የመንገዱን መዘጋት አይቶ የሚናገር ነው። ከሁሉ በላይ የሚታየው ጉድለት ግን በሁለተኛው ጠባይ፣ ማለትም በአካባቢ ባለቤትነት ላይ ነው።

የሙያ ደረጃዎች የሚዘጋጁት በአገር አቀፍ ደረጃ ነው፤ ይህ ተገቢ ነው፣ የደሴው ብየዳ ሠራተኛ ሐዋሳ ሄዶም እንዲቀጠር ያደርገዋል። ኮሌጁ ግን ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የቱን እንደሚከፍት የሚወስነው ባመዛኙ ባለው አሠልጣኝና ባለው ማሽን ነው። መምህር ያለው ዘርፍ ይቀጥላል፣ የሌለው አይከፈትም፤ ያልተከፈተው ዘርፍ ተመራቂ ስለማያፈራም የነገው አሠልጣኝ አይገኝም። በጀቱ በአብዛኛው ደመወዝ ላይ ሲያልቅ ደግሞ ለላሜራ፣ ለኤሌክትሮድ፣ ለጨርቅና ለቆዳ የሚተርፈው ትንሽ ነው። በመሆኑም ወንበርና ኮምፒዩተር ብቻ የሚጠይቁ እንደ ሒሳብ አያያዝ ያሉ ዘርፎች በቀላሉ ይበዛሉ፣ ዕቃ የሚያስጨርሱ የእጅ ሥራ ዘርፎች ይቀጭጫሉ። ሠልጣኙም በቂ የተግባር ሰዓት ሳያገኝ ለምዘናው ይቀርባል። «ሲኦሲ ወደቀ» የሚለው ዜና ሲሰማ ልጁ ብቻ ይወቀሳል እንጂ ከጀርባው ያለው ሰንሰለት አይታይም።

ኮምቦልቻ ያሳየችው

ኮሌጅ ከከተማው ኢንዱስትሪ ጋር ይተሳሰር ሲባል በአካባቢያችን የመጀመሪያዋ ምሳሌ ኮምቦልቻ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የቢራ ፋብሪካ፣ የብረታ ብረት ፋብሪካ፣ የቆዳ ፋብሪካ፣ ደረቅ ወደብም አላት፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቆባታል። ለጋርመንትና ለብረታ ብረት ሠልጣኝ የትብብር ሥልጠና ቦታ ከዚህ የተሻለ በክልሉ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ነገር ግን የከተማዋ ያለፉት ዓመታት ታሪክ ሌላም ነገር ያስተምራል። ጦርነቱ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ከተሞቹ ለአንድ ወር ያህል በተያዙበት ጊዜ ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ዝርፊያና ጉዳት ደረሰባቸው። ከዚያ ገና ሳይነሱ፣ ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው ዕድል ወጣች። አጎዋ የአፍሪካ አገሮች ምርቶች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ እንዲገቡ የሚፈቅድ የአሜሪካ ሕግ ሲሆን የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች በእርሱ ላይ ብዙ ተመክተው ነበር። በመስመር ላይ ቁጭ ብላ የእጅጌ ስፌት ብቻ ስትሰፋ የነበረች ሠራተኛ መስመሩ ሲቆም ሙያዋም አብሮ ይቆማል። ልክ መውሰድ፣ ንድፍ ማውጣት፣ መቁረጥና ማሽን መጠገን የተማረች ግን ገበያ አጠገብ በተከራየችው ጠባብ ክፍልም ቢሆን ሥራዋን ልትቀጥል ትችላለች። ስለዚህ ከአካባቢ ጋር መተሳሰር ማለት ለአንድ ቀጣሪ አንድ እንቅስቃሴ ማሠልጠን ከሆነ አደጋ አለው። ሠልጣኙ ሙሉ ሙያ ይዞ መውጣት ይኖርበታል።

የሐይቅ ጉዳይ

ከደሴ ተነስቶ በወልዲያ መንገድ የሚጓዝ ሰው ብዙም ሳይቆይ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ስሟን ያገኘችው አጠገቧ ካለው ውሃ ነው። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት፣ ከ80 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት አለው። ከእርሱ ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርድ ወንዝ ይገባበታል፤ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ይህ የመጨረሻ ጠባይ ለጉዳያችን ቁልፍ ነው። መውጫ በሌለው ሐይቅ ውስጥ የገባ አፈር፣ ማዳበሪያና ፍሳሽ እዚያው ይከማቻል። ወንዝ እንደሚያደርገው ወስዶ ለታችኛው አገር የሚያስረክበው ነገር የለም።

በሐይቁ ውስጥ የሆነውን ለውጥ ሳይንቲስቶች በቅርብ አጥንተውታል። በእ.ኤ.አ. 1978 ቲላፒያ ወይም ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ወደ ሐይቁ ተጨመረ። ዓላማው የምግብ ምርት ነበር፤ ተሳክቷልም፣ ለአሥርተ ዓመታት የዓሣ አስጋሪው ኑሮ በእርሱ ላይ ቆሟል። ተመራማሪዎች የሚያቀርቡት ማብራሪያ ግን ዓሣው ዋቅላሚን፣ ማለትም ውሃን አረንጓዴ የሚያደርገውን ደቃቅ ተክል መሰል ነገር፣ እየበሉ ውሃውን ያጠሩ የነበሩትን ደቃቅ ተንሳፋፊ እንስሳት እንዳሟጠጣቸው ይገልጻል። በዚያ ላይ ከተዳፋቱ የሚታጠበው አፈር ፎስፎረስና ናይትሮጅን ይዞ ሲገባ ዋቅላሚው የሚገታው አጥቶ ምግብ በዛለት። ቀድሞ ብዙ ሜትር ወደ ታች ያሳይ የነበረው ውሃም እየደፈረሰ ሄደ። በአንድ በኩል ሕዝብ የሚመግብ ውሳኔ በሌላ በኩል የውሃውን ጠባይ ለወጠ ማለት ነው። ይህን በመውቀስ ሳይሆን በመከታተል ብቻ ነው ማስተዳደር የሚቻለው፤ መከታተል ደግሞ በየወሩ የሚለካ ሰው ይጠይቃል።

በሐይቁ ዙሪያ ያሉትን ሥራዎች አንድ በአንድ ስንመለከት የሙያ ሥልጠና ክፍተቱ ይታያል። መረብ የሚሠራና የሚጠግን፣ ታንኳ የሚያንጽ አለ፤ ችሎታው ከአባት ወደ ልጅ የመጣ ነው፣ በምዘና የተመሰከረለት አይደለም። የዓይኑ ጥበት ትንንሹን ዓሣ የሚያስቀር መረብ በውሃ ውስጥ ሲጣል የነገው ምርት ዛሬ ይሰበሰባል፤ የመረብ ልክን ማወቅና ማክበር ራሱ ሙያ ነው። የተያዘው ዓሣ ደሴና ኮምቦልቻ እስኪደርስ በረዶ ይፈልጋል፤ በረዶ ማሽን ይፈልጋል፤ ማሽኑ ሲበላሽ የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ ይፈልጋል። ዓሣውን አጽድቶ ሥጋውን ከአጥንቱ የሚለየው ሰው የንጽሕና ሥልጠና ያስፈልገዋል። በዳርቻው ለጫትና ለአትክልት መስኖ ውሃ የሚስቡ ፓምፖች አሉ፤ ፓምፕ የሚጠግነው ሰው በዚያው ከተማ ካልተገኘ ገበሬው ሞተሩን ጭኖ ደሴ ይመላለሳል። በተዳፋቱ ላይ እርከን የሚሠራ፣ ችግኝ የሚያፈላ፣ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና ለሐይቁ የሚመጣውን እንግዳ የሚያስተናግድና የሚያስጎበኝ ሁሉ በሥልጠና ሊታገዝ የሚችል ነው።

የዓሣ ገበያው ራሱ በወሎ ልዩ ጠባይ አለው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በየቤቱ የሚያርደውን ሥጋ አንዱ ከሌላው አይበላም፤ ዓሣ ግን ሁለቱም ከአንድ ገበያ ገዝተው አንድ ማዕድ ላይ ሊቀርቡበት የሚችሉት ምግብ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ለሚከፈት የዓሣ ምግብ ቤት ይህ ትንሽ ዕድል አይደለም። ይሁንና ዕድሉ የሚያገለግለው ዓሣው ሳይበላሽ ሲደርስ ብቻ ነው።

የዚህን ሁሉ ሥልጠና ክፍሎች ተበትነው እናገኛቸዋለን። የግብርና ኮሌጆች በእርሻና በተፈጥሮ ሀብት ያሠለጥናሉ፣ ፖሊ ቴክኒኮች በኤሌክትሪክና በብረታ ብረት፣ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ያጠናል። ሐይቁ ግን አንድ ነው፤ ማቀዝቀዣውም፣ መረቡም፣ እርከኑም የሚገናኙት በእርሱ ላይ ነው። አንድ የአካባቢ ኮሌጅ ሊሠራው የሚችለው ትልቁ ነገር እነዚህን በአንድ ቦታ ማገናኘት ነበር።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

ለዚህ አመለካከት ክብደት ያላቸው ተቃውሞዎች ይቀርባሉ። አንደኛው የአካባቢ ሥልጠና ወጣቱን ከአካባቢው ጋር ያስራል የሚለው ነው። የወሎ ወጣት ለሥራ ሩቅ ይሄዳል፤ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፎ ወደ አረብ አገሮች። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕግ መሠረት ተጓዥ ሠራተኛ በሚሄድበት ሥራ የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ስለሚጠየቅ፣ ለብዙ ወጣት ሴቶች ከሙያ ሥልጠና ጋር የሚያገናኛቸው የመጀመሪያው አጋጣሚ የጉዞው ዝግጅት ሆኗል። እንዲህ ላለ ወጣት መረብ ጥገና ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ጥያቄው እውነተኛ ነው። መልሱ ያለው በትምህርቱ አሠራር ውስጥ ነው፤ የማቀዝቀዣ ጥገናን በሐይቅ ዓሣ ማከማቻ ላይ የተማረ ሰው ጅዳም አዳማም ማቀዝቀዣ መጠገን ይችላል። መማሪያው የአካባቢው ነገር ይሆናል፣ ደረጃው ግን አገር አቀፍ ነው። ሐይቅ ራሱ ለዚህ ጥንታዊ ምሳሌ አለው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ከሩቅ አገር ደቀ መዛሙርት ይስብ ነበር። እዚያ የተማሩትም ወጥተው በሌላ አገር ገዳማትን መሥርተዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በገድላቸው ከእነዚህ አንዱ ሆነው ይጠራሉ። ቦታው ሥር የሰደደ ቢሆንም ተማሪዎቹ እዚያው አልታሰሩም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የቁጥር ነው። ትንሽ ከተማ በዓመት ምን ያህል የዓሣ ቴክኒሻን ይቀጥራል? ጥቂት። ዘርፉ ተከፍቶ በ3 ዓመት ገበያው ከሞላ በኋላ የሚመረቁት ሥራ ያጣሉ። ይህ ስጋት በእኔ ግምት ትክክል ነው፤ ስለዚህም አዲስ ሙሉ የትምህርት ክፍል መክፈትን አይደግፍም። የሚደግፈው አጫጭር ሥልጠናዎችን ነው፤ አስቀድሞ በሥራ ላይ ላለው አስጋሪ፣ ለማኅበራቱ፣ ለምግብ ቤት ሠራተኛው በሳምንታት የሚሰጡትን። እነዚህ ደግሞ ከላይ በተጠቀሰው የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ውስጥ ሊታቀፉ ይችላሉ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ሰላምን የሚመለከት ነው። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በቀጠለው ግጭት መንገድ በሚዘጋበት፣ ትምህርት በሚቋረጥበት ጊዜ ስለ ኮሌጅ ዘርፍ መወያየት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ሐሳቡን መናቅ አይገባም። ነገር ግን መንገድ ሲዘጋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ለጥገናም፣ ለሥልጠናም፣ ለመለዋወጫም ሌላ ከተማን የሚጠብቀው ነው። በዚያው በከተማው የሚገኝ ሙያ በክፉ ቀን ይበልጥ ይፈለጋል።

ማን ይክፈል፣ ማን ይወስን?

በኒው ዮርክ ግዛት የኮሙኒቲ ኮሌጅ ሕግ ሲወጣ ወጪው ለግዛቱ፣ ለአካባቢው አስተዳደርና ለተማሪው ሲሶ ሲሶ እንዲደርስ ታስቦ ነበር። በተግባር ድርሻው ተዛብቷል፤ መርሑ ግን ግልጽ ነው፣ የሚከፍል ሰው ይጠይቃል። በእኛ ዘንድ የክልል ኮሌጅ በጀት ከክልል ስለሚመጣ ተጠያቂነቱም ወደዚያው ያደላል። የከተማው ነጋዴ፣ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ወይም የሆቴል ባለቤት ኮሌጁ ምን እያሠለጠነ እንደሆነ የሚጠይቅበት ምክንያት ትንሽ ነው፤ ምክንያቱም ያዋጣው ነገር የለም። የኮሌጅ ቦርድ በወረቀት ላይ የአሠሪዎች ወኪል ቢኖረውም ወኪሉ በሠልጣኝ ቅበላና በዘርፍ ምርጫ ላይ ቃል ካልኖረው መገኘቱ ከስብሰባ አያልፍም።

የከተማ ነዋሪ ተጨማሪ መዋጮ ይክፈል ማለት ከጦርነት ጉዳት ገና ላላገገመ ሕዝብ የሚከብድ ሐሳብ ነው። መዋጮ ግን በገንዘብ ብቻ አይሆንም። አሠሪው የሥልጠና ቦታ፣ አሮጌ ማሽንና የባለሙያ ሰዓት መስጠት ይችላል፤ በምላሹ በዘርፍ ምርጫ ላይ ድምፅ ያገኛል። ኮሌጁም የሚያመርተውን ዕቃ ሸጦ የሚያገኘው የውስጥ ገቢ ለሥልጠና ግብዓት እንዲመለስለት ከተደረገ፣ ብረትና ኤሌክትሮድ የሚገዛበት ትንሽ ጓዳ ይኖረዋል።

ከሁሉ የሚቀልለው ጅምር በሐይቁ ላይ ያለው መለኪያ ነው። ሳይንቲስቶች ሴኪ ዲስክ የሚሉት፣ ውሃ ምን ያህል ወደ ታች እንደሚያሳይ የሚለካው መሣሪያ ነጭና ጥቁር የተቀባ ክብ ሳህን፣ ክብደትና በሜትር የተቋጠረ ገመድ ነው። የብረታ ብረት ሠልጣኞች በግማሽ ቀን ይሠሩታል። ሳህኑ ወደ ውሃው ወርዶ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት በየወሩ በተመሳሳይ ቦታና ሰዓት ቢመዘገብ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለወረዳው ግብርና፣ ለዓሣ ማኅበሩና ለዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ የሚያገለግል መዝገብ ይገኛል። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ ታንኳ የሚያውስ አስጋሪ፣ መዝገብ የሚይዝ ተማሪና በወር አንድ ቀን የሚመደብ አሠልጣኝ ይበቃል። ከሦስቱ አስቸጋሪው የመጨረሻው ነው፤ የአሠልጣኝ ሥራ በክፍልና በወርክሾፕ ክፍለ ጊዜ ብቻ በሚቆጠርበት ቦታ በሐይቁ ላይ የዋለበት ቀን እንደ ሥራ ቀን አይመዘገብለትም።